ፍጻሜ የሌለው ደረጃ

በከምባታ ምድር ከፍ ብሎ በሚታየው በሐምበሪቾ ተራራ ላይ 777 ደረጃዎች ተሠርተዋል። ከአንጋጫ ተነሥቶ የሚሄድ መንገደኛ አንድ ብሎ ቢጀምር፣ ቢደክመውም እንኳ ከመጨረሻው መድረሱ አይቀርም። ከደረጃዎቹ መካከል ተጋማሽ ቁጥር የሚደርሳቸው 388 ብቻ ናቸው፤ ከፊሉ ከሙሉው ያንሳል። ነገር ግን ደረጃው ፍጻሜ ባይኖረውስ? ያን ጊዜ 1ን ከ2፣ 2ን ከ4፣ 3ን ከ6 ጋር እያዛመዱ ቢሄዱ አንድም ሳይተርፍ ከፊሉ ከሙሉው ጋር ይተካከላል።

ይህን እንቆቅልሽ ጋሊሊዮ በ1638 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) አንሥቶታል። መልሱ ግን ኅልቆ መሳፍርት በሌለው ነገር ላይ «ይበልጣል»፣ «ያንሳል» ማለት አይገባም የሚል ነበር። ከአሪስጣጣሊስ ጀምሮ የነበሩ ሊቃውንትም ወሰን የለሽነትን ሁልጊዜ የሚቀጥል ጉዞ እንጂ ተጠናቅቆ የተገኘ ነገር አድርገው አላዩትም።

ይህን ልማድ የደፈረው በሃለ ከተማ ያስተምር የነበረው ጌኦርግ ካንቶር ነው። በ1874 ባሳተመው ጽሑፍ በአንድ መሥመር ላይ ያሉ ነጥቦች ከመቁጠሪያ ቁጥሮች ጋር አንድ ለአንድ ሊዛመዱ እንደማይችሉ አረጋገጠ። በ1891 ያቀረበው ማረጋገጫ ደግሞ ተማሪ ሊከተለው የሚችል ነው። ከ0 እስከ 1 ያሉትን የአሥርዮሽ ቁጥሮች በሙሉ በተራ ዘርዝሬአለሁ የሚል ሰው ቢመጣ፣ ከመጀመሪያው ቁጥር የመጀመሪያውን አኃዝ፣ ከሁለተኛው ሁለተኛውን፣ ከሦስተኛው ሦስተኛውን እየለወጡ፣ 0ንና 9ንም ሳይጠቀሙ፣ አዲስ ቁጥር መሥራት ይቻላል። ይህም ቁጥር ከተዘረዘሩት ከእያንዳንዱ ቢያንስ በአንድ አኃዝ ስለሚለይ ከዝርዝሩ ውስጥ የለም። እንግዲህ ወሰን የለሹም መበላለጥ አለው።

በበርሊን ታላቅ ሥልጣን የነበረው ሊዮፖልድ ክሮኔከር ይህን አልተቀበለም። ለእርሱ በሂሳብ አለ ሊባል የሚገባው ከመቁጠሪያ ቁጥሮች ተነሥቶ በውሱን እርምጃ ሊሠራ የሚችለው ብቻ ነው። በ1877 የላከው ጽሑፍ ሲዘገይበት ካንቶር የክሮኔከር እጅ አለበት ብሎ አመነ፤ ከዚያ ወዲያም ለዚያ መጽሔት አልጻፈም። የተመኘውን የበርሊን መንበር ሳያገኝ፣ ከ1884 ጀምሮ በመንፈስ ሕመም እየተመላለሰ ሲሠቃይ ኖሮ በ1918 በሃለ አረፈ።

ክርክሩ ግን አብሮት አልተቀበረም። ብራወር የክሮኔከርን ጥያቄ አጠናክሮ ሲያነሣ፣ ሂልበርት ለካንቶር ሥራ ዘብ ቆመ። በ1928 ሂልበርት ብራወርን ከአንድ ታዋቂ የሂሳብ መጽሔት አዘጋጅነት አስወገደው። ቀድሞ የተገፋው ወገን ሥልጣን ሲይዝ ደግሞ በተራው ገፋ።

ከመቁጠሪያ ቁጥሮች የሚበልጥ፣ ከመሥመሩ ነጥቦች ግን የሚያንስ ብዛት አለን? ካንቶር የለም ብሎ ቢያምንም ማረጋገጫ አላገኘም። ጐደል በ1938 ይህ እምነት ከተለመዱት የስብስብ ሕግጋት ጋር እንደማይጋጭ፣ ኮኸን በ1963 ተቃራኒውም እንደማይጋጭ አሳዩ። ስለዚህ ሕግጋቱ ብቻቸውን አይፈርዱም።

ከዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ የክሮኔከር ጥያቄ ከንቱ አለመሆኑ ነው፤ አንድ ነገር አለ ከማለት አልፎ እንዴት እንደሚሠራ ማሳየት ዛሬም ራሱን የቻለ የምርምር ዘርፍ ነው። ጥፋቱ ጥያቄው በመንበር ሲመለስ ነው። ማረጋገጫ የሚጸናው በተናጋሪው ማዕረግ አይደለም። በአንጋጫ ጥቁር ሰሌዳ ፊት የቆመ ተማሪ በተራ የተጻፉትን አኃዞች አንድ በአንድ እየለወጠ ሲመረምር፣ ዳኝነቱ ከበርሊኑ ሊቅ ዳኝነት አያንስም።