አክተሩ ሞቷል ወይስ አልሞተም?

በኮልፌ ቪዲዮ ቤቶች ከታዩት የካራቴ ፊልሞች ሁሉ እንደ «ፊስት ኦፍ ፊዩሪ» ያጨቃጨቀን የለም። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1972 ሆንግ ኮንግ ውስጥ የተሠራ ነው፤ እኔ ያየሁት ግን በ1980ዎቹ፣ በእኛው አቆጣጠር፣ አጠና ተራ አካባቢ ባለች የጭቃ ቤት ውስጥ ነው። መስኮቷ በጥቁር ጨርቅ ይጋረዳል፤ አግዳሚው ላይ ተጣበን እንቀመጣለን። ምስሉ ሲዥጎረጎር ባለቤቱ ዴኩን ከፍቶ ሄዱን አልኮል በነካ ጥጥ ይጠርጋል፤ እስኪጨርስ ድረስ ፉጨቱ አይጣል ነው።

መጨረሻው እንዲህ ነው። ብሩስ ሊ፣ ማለትም ቼን ዤን፣ የኩንግ ፉ ትምህርት ቤቱን ለማትረፍ ሲል እጁን ይሰጣል። ከበሩ ሲወጣ ጠመንጃ የደገኑ ተሰልፈው ይጠብቁታል። ይንደረደራል፣ እየጮኸ ይዘላል፤ ምስሉ አየር ላይ ቀጥ ይላል፣ ተኩስ ይሰማል፣ አለቀ። «አክተር አይሞትም፣ ካሴቱ ተቆርጦ ነው፤ ክፍል ሁለት አለው» ይል ነበር አንዱ ወገን። ክፍል ሁለት በእርግጥ አለ፤ በፈረንጅ 1976 ጃኪ ቻን የሠራበት ነው። ግን እሱም ላይ ቼን ሙት ነው።

አሁን ሳስበው ይበልጥ የሚከነክነኝ የትምህርት ቤቱ ወጥ ሠሪ ነው። ፊልሙ ላይ የቼንን መምህር ሁዎ ዩዋንጂያን የሚመርዙት ከጃፓኖች ጋር ያበሩ የገዛ ጓዳው ሰዎች ናቸው። (እውነተኛው ሁዎ በፈረንጅ 1910 ሻንጋይ ውስጥ ነው የሞተው፤ መመረዙ እስከ ዛሬ ያከራክራል።) ይሄን ለማስረዳት ቪዲዮ ቤት ውስጥ አስተርጓሚ አላስፈለገም። ገና ሰውየው ብቅ ሲል «ባንዳ!» የሚል ጩኸት ከኋላ ይነሳል። «ውሻና ቻይናዊ አይገባም» የሚለውን ሰሌዳ ቼን በእርግጫ ሲሰባብረውም እንደዚያው። የኮልፌ ጎረቤት መርካቶ ራሱ ከዚያ ዓይነት ሰሌዳ የተወለደ ነው፤ ጣልያን አዲስ አበባን ነጭና ጥቁር ብሎ ሲከፍል፣ አራዳ ጊዮርጊስ ሥር የነበረውን ገበያ ነቅሎ «ለአገሬው ሰው» ወደ ምዕራብ ገፋው።

ፊልሙ ከእኛ ታሪክ የሚለየው በባንዳው ዕጣ ነው። እዚያ ከሃዲዎቹ ቀድመው ይሞታሉ፤ ቼን ገድሎ መብራት ምሰሶ ላይ ይሰቅላቸዋል። እኛ ዘንድ፣ በእኛው አቆጣጠር ከ1933 በኋላ፣ ለጣልያን ያደረ ብዙ ሰው ሹመቱ ላይ ቆየ፤ አርበኞችም ይህን ሲያማርሩ ኖሩ። አምስት ዓመት ጎጃም ውስጥ የተዋጋው ደጃዝማች በላይ ዘለቀ በዐመፅ ተከሶ ታሰረ፣ ከእስር አመለጠ፣ ተያዘ፣ በ1937 አዲስ አበባ ላይ ተሰቀለ። አብሮት አምልጦ አብሮት የተሰቀለው ልጅ ማሞ ኃይሉ ደግሞ በወረራው ዘመን ከጣልያን ጎን የቆመ ሰው ነበር። አርበኛውና ባንዳው፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ ፍርድ። እንዲህ የሚያልቅ ካሴት ቢመጣ የኮልፌ ታዳሚ አግዳሚውን ገልብጦ የመግቢያዋን ሃምሳ ሳንቲም ያስመልስ ነበር።