ሳይቃጠል የሚያመልጠው ሚቴን፦ በንግድ መርከቦች የልቀት ስሌት ላይ

የአንድ ንግድ መርከብ ልቀት የሚታወቀው በአብዛኛው ከጭስ ማውጫው ተለክቶ ሳይሆን ከተቃጠለው ነዳጅ ተሰልቶ ነው። አንድ ቶን ከባድ ጥቁር ናፍጣ ሲቃጠል 3.114 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። በነዳጅ ማስረከቢያ ሰነድ፣ በታንክ ልኬት ወይም በፍሰት ቆጣሪ የተገኘው መጠን በዚህ ቁጥር ይባዛል። የአውሮፓ ኅብረት ከ5,000 ግሮስ ቶን በላይ የሆኑና ወደቦቹን የሚጠቀሙ መርከቦችን እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ለዚህ ስሌት አስገድዷል። ዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት በ2019 ተከተለ። በድርጅቱ አራተኛ ጥናት መሠረት የዘርፉ የ2018 ልቀት 1,076 ሚሊዮን ቶን ሲሆን፣ ይህም የሰው ልጅ ከሚለቀው ሁሉ 2.89 በመቶ ነው።

ዘዴው ለካርቦን ዳይኦክሳይድ አስተማማኝ ነው፤ ነዳጁ የያዘው ካርቦን ከሞላ ጎደል ሁሉም ይቃጠላልና። መርከቡ በፈሳሽ የተፈጥሮ ጋዝ ሲሄድ ግን ስሌቱ ይጎድላል። ይህ ነዳጅ ለተመሳሳይ ጉልበት የሚለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከከባድ ጥቁር ናፍጣ በሩብ ያህል ያንሳል። ዳሩ ግን ከሞተሩ ሳይቃጠል የሚያመልጥ ሚቴን አለ። የአውሮፓ ሕግ በአነስተኛ ግፊት ለሚሠሩ ባለ አራት ምት ጥምር ነዳጅ ሞተሮች የሚወስደው መነሻ መጠን 3.1 በመቶ ነው። በመቶ ዓመት መለኪያ ሚቴን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ያህል እንደሚያሞቅ ይዘን ብናሰላ፣ ከሩቡ ጥቅም የሚተርፈው ከጥቁር ናፍጣው አንጻር ከአሥር በመቶ በታች ነው። በሃያ ዓመት መለኪያ ከ80 እጥፍ በላይ ስለሚሆን ጋዙ ከጥቁር ናፍጣው የባሰ ይሆናል። ሞተሩ በዝቅተኛ ጭነት ሲሠራ ደግሞ የሚያመልጠው ይጨምራል። ኅብረቱ ሚቴንን በ2024 ወደ ሪፖርቱ አስገብቷል፤ ድርጅቱ በ2023 ሥራ ላይ ያዋለው ከኤ እስከ ኢ የሚሰጥ የካርቦን ደረጃ ግን የሚያየው ካርቦን ዳይኦክሳይድን ብቻ ነው።

ደረጃው ሌላም እንከን አለበት። ልቀቱን የሚያካፍለው ለተጫነው ዕቃ ሳይሆን ለመርከቡ የመጫን አቅምና ለተጓዘው ርቀት ነው። ባዶውን ረጅም መንገድ የሄደ መርከብ ጥሩ ውጤት ሊያገኝ ይችላል። ወደብ ላይ ተራ የሚጠብቅ መርከብ በአንጻሩ ርቀት ሳይጨምር ጄኔሬተሩ ነዳጅ ስለሚበላ ደረጃው ይወርዳል።

ለቅነሳ ዛሬውኑ በእጅ ያለው መንገድ ፍጥነት ነው። የሚፈለገው ኃይል በግምት በፍጥነቱ ኩብ ስለሚያድግ፣ ፍጥነትን አሥር በመቶ መቀነስ የአንድን ጉዞ ነዳጅ አንድ አምስተኛ ያህል ይቆጥባል። ወደቦችና መርከቦች የመድረሻ ሰዓት ቢናበቡ፣ ቸኩሎ ደርሶ መልሕቅ ጥሎ መጠበቅ ይቀራል። ነዳጁን ራሱን ለመለወጥ ግን በልቀት ላይ የሚከፈል ዋጋ ያስፈልጋል።

ድርጅቱ በ2023 ስትራቴጂው በ2050 አካባቢ የተጣራ ዜሮ ልቀት ላይ ለመድረስ አቅዷል፤ ይህን በክፍያ የሚያስፈጽመው ማዕቀፍ ግን በጥቅምት 2025 በ57 ለ49 ድምፅ ለአንድ ዓመት ተላልፏል። እንደ ኢትዮጵያ ወደብ አልባ ለሆነና ገቢ ዕቃው በአብዛኛው በጅቡቲ ለሚያልፍ አገር ጉዳዩ የባሕር ጭነት ዋጋ ጉዳይ ነው፤ የሚሰበሰበው ገንዘብ ለታዳጊ አገሮች እንዴት እንደሚከፋፈል በድርድሩ መጠየቅ መብቷም ግዴታዋም ነው። ድርድሩ ሲቀጥል ሚቴን በመነሻ ግምት ብቻ ሳይሆን በየመርከቡ ተለክቶ ዋጋ ሊከፈልበት ይገባል፤ ያለዚያ የመርከብ ባለቤቶች ለሃያና ለሠላሳ ዓመት የሚያገለግል ሞተር የሚገዙት በጎደለ ሂሳብ ነው።