ፕላስቲክ ምንጣፍ በልደታ

የድሮው ልደታ ብዙው ቤት ወለሉ አፈር ነበር፤ በእበት የሚለቀልቁትም ሴቶች ነበሩ። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. ትርፍ ቤት በአዋጅ ሲወረስ፣ ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት በቀበሌ እጅ ገቡ። ኪራዩ ረከሰ፤ ግን የራሱ ባልሆነ ቤት ሊሾ የሚያስደርግ ጥቂት ነው። ፕላስቲክ ምንጣፍ የገነነው በዚህ ይመስለኛል፤ ከጥቅሉ በሜትር ተቆርጦ ይሸጣል፣ ቤት የለቀቀ ጠቅልሎት ይሄዳል።

እናቴም ከመርካቶ ጥቅል እያመጣች ለጎረቤት በዱቤ ትሸጥ ነበር። ለእንቁጣጣሽና ለፋሲካ ገበያው ይደራል። (ክረምት ላይ ከሥሩ ረጥቦ የሚሸተው ነገር ግን አይነሳ!) ዋስትናዋ እድሩና እቁቡ ነበር፤ በየሳምንቱ እቁብ ላይ የሚያገኛትን ሴት ማን ይክዳል?

በ2000ዎቹ መጀመሪያ ሰፈሩ ለመልሶ ማልማት ሲፈርስ፣ የቀበሌ ተከራይ ኮንዶሚኒየም ወይም ሌላ ቦታ የቀበሌ ቤት እንዲመርጥ ተደረገ። ኮንዶሚኒየሙ የሚሰጠው ወለሉ ሳያልቅ ነው፤ አቅም ያለው ሴራሚክ አነጠፈበት። የእናቴ ደንበኞች በየአቅጣጫው ተበተኑ፤ እቁቡም ፈረሰ። ያልተቆረጠው ጥቅል አልጋ ሥር ገባ። በደብተሯ ከቀሩት ባለዕዳዎች ተመልሰው የከፈሉት ሁለት ብቻ ናቸው፤ አንዷ ከጀሞ ሁለት ታክሲ ቀይራ መጥታ።