የሰሜን ሐዘንና ያልደረሰው ለቀስተኛ

በአገራችን ልቅሶ መድረስ እንባ ማፍሰስ ብቻ ሆኖ አያውቅም፡፡ ለቀስተኛ እህል ይዞ ይመጣል፣ መቃብር ይቆፍራል፣ ያዘነውን ሲያጽናና ይሰነብታል፡፡ ልቅሶው ወደ ፌስቡክ በተሻገረበት ዘመን ይህ ግዴታ ምን ሆነ? ደባርቅን፣ ዳባትንና የሰሜንን ግርጌ ይዘን እንመልከት፡፡

ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የዘለቀው ክፉ ቀን አገሩን በሙሉ አጥቅቷል፡፡ በምጽዋ በኩል የገባው የከብት በሽታ በሬውን ፈጀ፤ በሬ ያጣ ገበሬ መሬቱን ጦም አሳደረ፤ ድርቅና አንበጣ ተከተሉ፡፡ ያን ጊዜ ለቀስተኛ የጠፋው አልቃሹም አብሮ ስላለቀ ነው፡፡

በመጋቢትና በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሲቃጠል ግን ሐዘኑ ከዳር እስከ ዳር ተሰማ፡፡ የሚነደው ተራራ ምስል በየገጹ ተለጠፈ፤ ለዋልያውና ለጭላዳው ያልተጨነቀ አልነበረም፡፡ የእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎችም ለእርዳታ መጡ፡፡ ጩኸቱ ከንቱ አልነበረም፡፡

በ2015 ዓ.ም. ክረምት ዝናብ በመጓደሉ ጃናሞራ፣ በየዳና ጠለምት በተራቡ ጊዜ ነገሩ ተገለበጠ፡፡ ከሐምሌ ወር መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበርና ሐዘንተኛው ራሱ መርዶውን ሊናገር አልቻለም፡፡ ስለ እርሱ የሚያለቅሰው አዲስ አበባና ባሕር ማዶ ያለው ወገኑ ሆነ፡፡ ረሃብ ደግሞ እንደ እሳት አይንቦገቦግም፤ በአንድ ፎቶግራፍ አይያዝም፡፡

ሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ከ200 በላይ ወገኖቻችን በመሬት መንሸራተት ሲያልቁ የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ፤ የሚገባም ነበር፡፡ በወሩ በጠለምት ተመሳሳይ አደጋ ቢያንስ አሥር ሰው ገደለ፣ ከሁለት ሺሕ በላይ አፈናቀለ፡፡ ለእነዚህ ግን አዋጅ አልወጣም፡፡ የሟች ቁጥር ማነስ ለሟች ቤተሰብ ምን መጽናኛ ይሆናል?

ይህ ጸሐፊ የፌስቡክን እንባ አይንቅም፡፡ የሚለው፣ ምስል የሚቀሰቅሰው ሐዘን ከምስሉ ጋር ያልፋል ነው፡፡ የሚቀረው መዝገብ ነው፡፡ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከ1989 ዓ.ም. አንሥቶ በዳባት በተመረጡ ቀበሌዎች ልደትንና ሞትን ቤት ለቤት ሲመዘግብ ኖሯል፡፡ በዳባት የተቻለ በጃናሞራና በጠለምት ለምን አይቻልም? የክፉ ቀን ሙታን ያለ ስም ተቀብረዋል፤ የዘመናችን ሙታን ግን ስማቸው የሚጻፍበት መዝገብ ሊነፈጋቸው አይገባም፡፡ የሟቹን ስም ያልያዘ መንግሥትም ሆነ ወገን ልቅሶ ደርሻለሁ ሊል አይችልም፡፡