አነስተኛ ዋጋ ያለው ዲጂታል የልብ ማዳመጫ፦ ከተማሪዎች የምሕንድስና ሥራ እስከ ጤና ጣቢያ

በጎንደር ዙሪያ ወረዳ በማክሰኝትና በአካባቢዋ ትንፋሽ የሚያጥረው ሕፃን ወደ ጤና ጣቢያ ሲመጣ ባለሙያው በቅድሚያ ከሚያነሣቸው መሣሪያዎች አንዱ የልብ ማዳመጫ ነው። የልብ ስፔሻሊስት ሐኪም የሚገኘው ግን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በጎንደር ነው። በአነስተኛ ወጪ የሚሠራ ዲጂታል ማዳመጫ የልብን ድምፅ ቀርጾ ወደ ስፔሻሊስቱ በመላክ ይህን ርቀት ለማጥበብ ያስችላል።

የልብ ማዳመጫን እ.ኤ.አ. በ1816 በፓሪስ የፈለሰፈው ፈረንሳዊው ሐኪም ሬኔ ላኔክ ሲሆን፣ መነሻው የተጠቀለለ ወረቀት፣ ቀጥሎም የእንጨት ቱቦ ነበር። ዲጂታሉ መሣሪያ በቱቦው ምትክ አነስተኛ ማይክሮፎን፣ የድምፅ ማጉያ፣ ማጣሪያ፣ ማይክሮኮንትሮለርና ባትሪ ይጠቀማል።

አብዛኛው የልብ ድምፅ ከ20 እስከ 200 ኸርዝ ባለው ክልል ውስጥ ይገኛል፤ የሳንባ ድምፅ ከዚህ ከፍ ይላል። በሰከንድ 4 ሺህ ጊዜ ናሙና የሚወስድ መሣሪያ እስከ 2 ሺህ ኸርዝ የሚደርስ ድምፅ ይይዛል። እያንዳንዱ ናሙና በ16 ቢት ሲመዘገብ የአንድ ደቂቃ ቅጂ 480 ኪሎ ባይት ብቻ ስለሚሆን በተንቀሳቃሽ ስልክ በቀላሉ ሊላክ ይችላል።

መሣሪያዎቹ በገበያ ላይ የሚገኙ በመሆናቸው ሥራው ለምሕንድስና ተማሪዎች የመመረቂያ ፕሮጀክት ምቹ ነው። የባዮሜዲካል ምሕንድስና ትምህርት በአዲስ አበባ፣ በጅማና በጎንደር ዩኒቨርሲቲዎች ይሰጣል። በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ሆኖ የተመሠረተው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የጤና ባለሙያዎችን በገጠር ጤና ጣቢያዎች በማሠልጠን ይታወቃል። ይህም መሐንዲሱ የሠራውን መሣሪያ ባለሙያው በሥራ ላይ እንዲፈትነው ዕድል ይከፍታል።

የመሣሪያው ጠቀሜታ በተለይ ከሩማቲክ የልብ ሕመም ጋር የተያያዘ ነው። ሕመሙ በአግባቡ ካልታከመ በባክቴሪያ የሚመጣ የጉሮሮ ቁስለት ተነሥቶ የሕፃናትን የልብ በር ይጎዳል። በጊዜ ከተደረሰበት በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ በሚሰጥ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ እንዳይባባስ ማድረግ ይቻላል፤ ከዘገየ ግን ቀዶ ሕክምና ይጠይቃል። የዓለም ጤና ጉባኤ በ2010 ዓ.ም. ሕመሙን ለመከላከል የሚያስችል ውሳኔ አሳልፏል።

ሆኖም ማዳመጥ ብቻውን ሁሉንም የልብ በር ጉዳት አያሳይም፤ ጥርጣሬ ያደረበት ታማሚ በአልትራሳውንድ መመርመር ይኖርበታል። በሥራው ዘወትር የሚያጋጥሙት ችግሮችም ማይክሮፎኑ ከቆዳና ከልብስ ጋር ሲፋተግ የሚፈጠረው ድምፅ፣ የክፍሉ ጫጫታና የኤሌክትሪክ መስመሩ የ50 ኸርዝ እምታ ናቸው። የ50 ኸርዙ እምታ ከልብ ድምፅ ክልል ውስጥ ስለሚወድቅ በማጣሪያ ሲወገድ የልቡም ድምፅ አብሮ ሊቀነስ ይችላል። በመሆኑም ቀረጻው በሚካሄድበት ጊዜ መሣሪያውን ከቻርጀር ነቅሎ በባትሪ ማሠራት ይመረጣል።

ውድ ያልሆነ መሣሪያ ጥራት ሊኖረው እንደሚችል ከኤሌክትሮኒክስ ውጭም ታይቷል። ካናዳዊው ሐኪም ታረቅ ሉባኒና ባልደረቦቹ በሦስት አውታር ማተሚያ የሠሩት ማዳመጫ እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመ ጥናት ከታወቀ ውድ ማዳመጫ ጋር ተወዳድሮ ተመጣጣኝ ውጤት አሳይቷል።

በኢትዮጵያ የሕክምና መሣሪያ ደኅንነትና ጥራት በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት ቁጥጥር ይደረግበታል። ስለዚህ የተማሪ ፕሮጀክት ከቤተ ሙከራ ወጥቶ በታማሚ ደረት ላይ ከመዋሉ በፊት በሐኪሞች መፈተን፣ የጥገናና የባትሪ አቅርቦቱም አስቀድሞ መታሰብ ይገባዋል። ይህ ካልሆነ የተሠራው መሣሪያ ከምረቃው ቀን በኋላ መደርደሪያ ላይ ይቀራል።