የሚያስሉ ሰዎች ማኅበር

ሌላው አገር ዕድር የሚለውን እኛ ወሎዎች ቅሬ እንለዋለን። ከሚሴም ሆነ ሰንበቴ ወይም ባቲ ሰው ሲሞት መቃብር ማን ይቆፍራል፣ ለቀስተኛውን ማን ያስተናግዳል ብሎ የሚጨነቅ የለም። ቅሬው አለ። የዛሬው ጽሑፌ ስለ ሳንባ ነው። ቅሬን ያነሳሁት በሳንባ ሕመም ታሪክ ውስጥ፣ እዚሁ አማራ ክልል፣ ቅሬን የሚመስል ነገር ተፈጥሮ ስለነበር ነው። ልዩነቱ የተቋቋመው በሕይወት ላሉት፣ በራሳቸው በሚያስሉት ሰዎች መሆኑ ነው።

ነገሩ እንዲገባን ትንሽ ወደኋላ እንሂድ። እ.ኤ.አ. በ1854 ሄርማን ብሬመር የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ዛሬ ፖላንድ ውስጥ ባለች ጌርበርስዶርፍ በምትባል ተራራማ መንደር ለሳንባ ነቀርሳ ሕመምተኞች ማረፊያ ከፈተ። ብሬመር ሕመምተኞቹን ዳገት ያስወጣ ነበር። እሱ ጋ የታከመውና በኋላ የራሱን ማረፊያ የመራው ዴትቫይለር ግን ተቃራኒውን አስተማረ፦ በረንዳ ላይ ተኙ፣ አትንቀሳቀሱ። በአብዛኛው ዓለም ያሸነፈው ይሄኛው ሐሳብ ነው። ሳንባው የታመመ ሰው ከዘመድ ተለይቶ፣ ከሥራ ተነጥሎ፣ አልጋ ላይ መዋል አለበት ተባለ።

እ.ኤ.አ. በ1943 ስትሬፕቶማይሲን ተገኘ፤ ሌሎች መድኃኒቶችም ተከተሉ። እ.ኤ.አ. በ1959 ደግሞ ከሕንድ፣ ከማድራስ ከተማ፣ ትልቅ ውጤት ታተመ። እኩል መድኃኒት ከሚወስዱ ሕመምተኞች ገሚሱ ማረፊያ ተኝተው፣ ገሚሱ በጠባብና በድሃ ቤታቸው ሆነው ሲታከሙ የመዳን ዕድላቸው የሚቀራረብ ሆነ። አልጋው፣ አየሩና የተለየው ምግብ የታሰበውን ያህል ወሳኝ አልነበሩም። ወሳኙ መድኃኒቱን ሳያቋርጡ መጨረስ ነበር።

ታዲያ ከባዱም ይሄው መጨረሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በአገራችን የቲቢ ሕክምና ስምንት ወር ይፈጅ ነበር፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት መርፌም ነበረባቸው። ከዚያ በኋላ ሳሉ ይቀንሳል፣ ሥጋ ይመለሳል፣ ገበሬው ወደ እርሻው ይሄዳል። ‹‹ድኛለሁ›› ይልና ያቆማል። ጤና ጣቢያው ሩቅ ነው። ጎረቤት ቲቢ መሆኑን እንዳያውቅ ብሎ ‹‹ብርድ መትቶኝ ነው›› የሚለውም ብዙ ነው።

በሙያዬ ሶፍትዌር እሠራለሁ። እንደኔ ያለ ሰው ይሄን ችግር ቢሰጡት መጀመሪያ የሚያስበው በየጠዋቱ ‹‹መድኃኒትዎን ይውሰዱ›› የሚል መልእክት የሚልክ አፕ ነው። በዚያን ጊዜ ግን በደቡብ ጎንደር፣ በእስቴ ወረዳ፣ ሞባይል የሚባል ነገር አልነበረም። እዚያ የተሠራው መላ እንዲህ ነው። የአንድ አካባቢ ሕመምተኞች ጤና ተቋም የሚመጡበት ቀን አንድ እንዲሆን ተደረገ። ቀናቸው አንድ የሆነው ሰዎች አነስተኛ ቡድን ሆኑ፤ የራሳቸውን መሪ መረጡ። ስሙም ‹‹የቲቢ ክበብ›› ተባለ። በሰፈራቸው እየተገናኙ ማን መድኃኒቱን ወሰደ፣ ማን ጎኑን አመመው፣ ማን ቀረ ብለው ይጠያየቃሉ። የቀረውን ቤቱ ሄደው ያመጡታል። ሰፈር ውስጥ ሳል የጠናበት ሰው ካዩም ‹‹እኔም እንዳንተ ነበርኩ፣ ሂድና ተመርመር›› ይሉታል።

ዶክተር ኃይለየሱስ ጌታሁን ከደርሞት ማኸር ጋር እ.ኤ.አ. በ2000 ስለነዚህ ክበባት ጽፈው ዓለም አወቃቸው። እ.ኤ.አ. በ2003 እነ ዶክተር መዓዛ ደምሴ ያሳተሙት ጥናት ደግሞ ክበብ ያለበትን ወረዳ ከሌለበት አነጻጸረ። ክበብ ባለበት ሕክምናውን የሚጨርሰው በዛ፣ የሚያቋርጠው ቀነሰ፣ ስለ በሽታው ያለው አመለካከትም ተሻሻለ። መድኃኒቱ ያው ነው። የተለወጠው ሕመምተኛው ብቻውን አለመሆኑ ነው።

እዚህ ላይ ግን ታሪኩ የሚዘለው ሰው አለ። ቲቢ ድኖለትም ሳንባው ላይ ጠባሳ የሚቀርበት አለ። በምድጃ ጭስ ዕድሜዋን ያሳለፈችና ትንፋሽ የሚያጥራት እናት አለች። አስም ያለበት አለ። የእነዚህ መድኃኒት ስምንት ወር ላይ አያልቅም፤ በሽታው አብሯቸው ይኖራል። ለነሱ ዛሬም የምንሰጠው ምክር የዴትቫይለር ነው፦ ‹‹አረፍ በሉ፣ አትድከሙ።››

ሕክምናው ይሄን ምክር ከተወው ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1952 አሜሪካዊው ሐኪም አልቫን ባራክ ትንፋሽ የሚያጥራቸው ሕመምተኞች ከመተኛት ይልቅ ቀስ በቀስ ቢራመዱ እንደሚሻላቸው ጻፈ። በ1960ዎቹ ደግሞ ቶማስ ፔቲ በዴንቨር ኦክስጅን አሲዞ አስኬዳቸው። ምክንያቱ ቀላል ነው። ትንፋሽ ሲያጥር ሰው መንቀሳቀስ ይተዋል፤ ሲተው የእግሩ ጡንቻ ይደክማል፤ የደከመ ጡንቻ ለትንሽ ሥራ ብዙ አየር ይፈልጋል፤ ትንፋሹም ይብሱን ያጥራል። መራመድ የተበላሸ ሳንባ አይጠግንም። ጡንቻውን ግን ያጠነክራል፣ ባለችው አየር ብዙ ያሠራል። ለዚህ የሚዘጋጁት ፕሮግራሞች አብዛኞቹ በሳምንት ሁለትና ሦስት ቀን፣ ቢያንስ ለስድስት ሳምንት፣ በቡድን የሚሠሩ ናቸው። ቡድኑ ትርፍ ነገር አይደለም። ትንፋሽ ሲያጥር የሚመጣውን ፍርሃት ያለፈበት ሰው አጠገብ ሆኖ ‹‹ቁም፣ ከንፈርህን ሰብሰብ አድርገህ ቀስ ብለህ አስወጣ፣ ያልፋል›› ሲል መስማት ሌላ ነገር ነው።

ከሚሴ ለዚህ የሚያስፈልገው ብዙ ነገር አላት። ከተማዋ ቦርከና ሸለቆ ውስጥ ስለሆነች ዳገት ሳይወጡ የሚራመዱበት ሜዳ አይጠፋም። ጠዋት ፀሐዩ ሳይከር አሪፍ ነው። በመጀመሪያ ጤና ጣቢያ ሄዶ መመርመር ግድ ነው፤ ሳሉ ቲቢ ከሆነ መድኃኒቱ ይቀድማል፤ እየሄዱ ደረት ከወጋ ወይም ራስ ካዞረ ማቆም ነው። ከዚያ በኋላ አምስትና ስድስት ሰው፣ አንድ መሪ፣ የታወቀ ቀን። በአማርኛ ሳል በሉት፣ በኦሮምኛ ቁፋ፣ ችግሩ አንድ ነው።

እስቴ ላይ ክበቡን ከዜሮ መመሥረት ነበረባቸው። እኛ ጋ ቅሬው አለ። የማን እናት ሌሊቱን ሲያስላት እንደሚያድር፣ ማን ከመስጊድ ሲመለስ ሦስት ቦታ እንደሚቆም ቅሬተኛው ያውቃል። መዝገቡም ጸሐፊውም አለ። የሚቀረው ቀን መቁረጥ ነው።