ስለ ኮንጎ ጎማና ስለ ኮባልት

የሰው ልጅ የመንኰራኵሩን ሩጫ ለማፍጠን ሲል የኮንጎን ምድር ሁለት ጊዜ በዝብዟል፤ መጀመሪያ በጎማ፣ ኋላም በኮባልት። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ደንሎፕ የተባለው ሰው በ1888 በነፋስ የሚነፋውን የጎማ እግር ካወጣ በኋላ ጎማ በአውሮፓ እጅግ ተፈላጊ ሆነ። ኮንጎም ያን ጊዜ የቤልጂግ ንጉሥ የዳግማዊ ሌኦፖልድ የግል ግዛት ነበረች። ንጉሡ አገሪቱን በዓይኑ ሳያያት ከ1885 እስከ 1908 ገዛት፤ ሹሞቹም የታዘዘውን ያህል የጎማ ሙጫ ያላገባውን ሰው ይገርፉት፣ ሚስቱንም በመያዣ ያስሩበት ነበር፤ እጁን የተቈረጠም ብዙ ነው።

ይህን ግፍ ከገለጡት ሰዎች አንዱ ኤድመንድ ሞሬል የሚባል የሊቨርፑል መርከብ ኩባንያ ጸሐፊ ነው። የደረሰበትም ኮንጎ ወርዶ ሳይሆን የመርከብ መዝገብ መርምሮ ነው። ከኮንጎ የሚመጡት መርከቦች ጎማና የዝሆን ጥርስ ሞልተው ሲመጡ፣ ተመልሰው የሚሄዱት ግን ይልቁን ጠመንጃና ጥይት ጭነው እንደ ሆነ አየ። ለጎማው ዋጋ የሚሆን ሸቀጥ ካልሄደ፣ ጎማው የተነጠቀ እንጂ የተገዛ አይደለም ብሎ ፈረደ። የእንግሊዙ ቆንሲል ሮጀር ኬዝመንትም በ1903 አገሩን ዞሮ መረመረ፤ በ1904 የታተመው ቃሉ ነገሩን አጸናው። በ1908 ንጉሡ ግዛቱን ለቤልጂግ መንግሥት ለቀቀ።

ዛሬ ደግሞ በኤሌክትሪክ የሚሄደው አውቶሞቢል መጥቷል። ኮባልት የማይገባባቸው ባትሪዎች ቢኖሩም ብዙዎቹ ይህን ማዕድን ይሻሉ። በዓለም ከሚቈፈረው ኮባልት ከ100 እጅ 70 ያህሉ የሚወጣው ከኮንጎ ነው። የሚበዛውን ትላልቅ ኩባንያዎች በመኪና ይቈፍሩታል፤ የቀረውን በኮልዌዚና በአካባቢው ያለ ድኃ በእጁ እየቈፈረ ያወጣዋል። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በ2016 ባወጣው ዘገባ ሕፃናት ሳይቀሩ ድንጋይ ሲለቅሙ፣ ሲያጥቡና ሲሸከሙ እንደሚውሉ አስረዳ። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ማለት ይህ ነው።

እንግዲህ የዚህ ንግድ መዝገብ የሚቋረጠው ወዴት ነው? በእጅ የተቈፈረው ድንጋይ ለነጋዴ ይሸጣል፤ ነጋዴው ከማን ጕድጓድ እንደ ወጣ ሳይጠይቅ ከሌላው ጋር ይቀላቅለዋል፤ አብዛኛው በቻይና ተጣርቶ ከወጣ በኋላ ንጹሑን ከግፍ ከተገኘው የሚለይ ዓይን የለም። ስለዚህ የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት በ2011 ባወጣው መመሪያ ገዢ ሁሉ ማዕድኑን እስከ ምንጩ እንዲከተል፣ ማጣሪያው በገለልተኛ ሰው እንዲመረመር፣ የተገኘውም ለሕዝብ እንዲገለጥ መከረ። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 ለባትሪ ነጋዴዎች ይህን የመሰለ ሕግ አወጣ፤ ግዴታው የሚጸናበትን ጊዜ ግን ከ2025 ወደ 2027 አዛወረው።

ይሁን እንጂ ምርመራ ማለት መሸሽ አይደለም። አሜሪካ በ2010 ስለ ቆርቆሮ፣ ስለ ታንታለም፣ ስለ ተንግስተንና ስለ ወርቅ እንዲህ ያለ ሕግ ባወጣች ጊዜ፣ ከገዢዎች ብዙዎቹ መመርመሩን ትተው ከምሥራቅ ኮንጎ መግዛቱን አቆሙ፤ በደል የሌለበት ቈፋሪም ከበደለኛው ጋር እንጀራው ተቈረጠ። የሚገባው ከቈፋሪው ጋር ቆይቶ ጕድጓዱን ማጽናት፣ ዋጋውን ማቅናት፣ ሕፃኑንም ወደ ትምህርት ቤት መመለስ ነው።

ኢትዮጵያም በ2024 በነዳጅ የሚሄድ አውቶሞቢል እንዳይገባ ስለ ከለከለች፣ ነገሩ ለሩቅ አገር ብቻ የሚተው አይደለም። የመኪናውን ዋጋ የሚጠይቅ ሰው የባትሪውንም ምንጭ ይጠይቅ። መዝገብ የሌለው ንግድ ምስክር እንደሌለው ሙግት ነውና።